የሞርፊን ጾም

አባቴን በክርክር የረታ ሰው አላየሁም። ቄስ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ ነው የኖሩት። ነገር ሲቀርብላቸው ተናጋሪው ገና ሳይጨርስ እሳቸው የሚሰበርበትን ቦታ አግኝተውታል። እኔ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አንድ ክፍል ሙሉ ጎረምሳ በዓይኔ ብቻ ጸጥ አሰኛለሁ። ሞላሌ አጠገብ ካለው የአባቴ ቤት ስደርስ ግን ያ ሁሉ መምህርነቴ ደጃፍ ላይ ይቀራል።

ይህን የምለው ለወግ አይደለም። አንድ ሁዳዴ ሙሉ ጨጓራዬን የላጠው ጣጣ የተነሣው ከዚሁ ክርክራቸው ስለሆነ ነው።

አባቴን የያዛቸው ካንሰር ሲታወቅ የጀርባቸው አጥንት ውስጥ ገብቶ ነበር። ደብረ ብርሃን ያየን ሐኪም በሽታው እንደማይድን፣ ሕመሙን ግን መያዝ እንደሚቻል ሳይሸፋፍን ነገረን። ሞርፊን አዘዘልን፤ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እየተለካ በየአራት ሰዓቱ የሚጠጣ መራራ ፈሳሽ ነው። አብሯቸው የሚኖረው፣ እርሻውንም በጎቹንም የያዘው ታናሽ ወንድሜ ነው። መድኃኒቱን መስጠት የእሱ ሥራ ሆነ። እኔ ቅዳሜ በጠዋት በሚኒባስ እመጣና እሑድ ከሰዓት እመለሳለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዴት ያሉ ነበሩ! ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የከረሙት ሰው የበግ ጠጉር ባናቸውን ገፈው ተቀመጡ። ቆሎ አምጡ አሉ። ወንድሜን በጎቹን አርፍደህ አወጣሃቸው ብለው ልክ ልኩን ነገሩት። ልጁ ሲሰደብ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ጥቂት ወራት እንደቆየ ግን መድኃኒቱ አቅም አጣ። አራት ሰዓት ሳይሞላ ሕመሙ ይመለስባቸው ጀመር። ይዤያቸው ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። ሐኪሙ ትዕግሥት ያለው ሰው ነበር፤ ወረቀት አውጥቶ አንጎልና የጀርባ አጥንት ሣለልንና ማስረዳት ያዘ። ሞርፊን የሚሠራው ነርቭ ላይ ባሉ ተቀባዮች ላይ ተቀምጦ ነው፤ ሲቆይ ተቀባዮቹ ይለምዱትና እንደ መጀመሪያው አይታዘዙለትም። ነገሩ በዚህ ብቻ አያበቃም አለ። ሰውነት ራሱ የሚሠራው ሴሮቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ከአንጎል ሥር ተነሥቶ በጀርባ ውስጥ ወዳለው ነርቭ መልእክት ያወርዳል። የእሱ ተቀባዮች ደግሞ ብዙ ዓይነት ናቸው። በአንዱ ዓይነት ሲገባ ሕመሙን ያበርደዋል፣ በሌላው ሲገባ ያባብሰዋል። ሞርፊን ሲለመድ ይሄ የሚያባብሰው ወገን እንደሚበረታ ይታሰባል፤ የሚያጠኑትም ሰዎች ገና ነገሩን አልጨረሱትም።

«ስለዚህ መጠኑን ከፍ እናደርጋለን» አለ። «በሴሮቶኒንም በኩል የምታግዝ፣ ማታ ማታ የምትዋጥ ትንሽ ክኒን እንጨምራለን።»

«ደግሞ ሲለምደውስ?» አሉ አባቴ።

«ደግሞ እንጨምራለን፣ አባ።»

«ከዚያስ?»

በዚህ መሐል አንዲት ነርስ በሩን ከፍታ ሐኪሙን ለሌላ በሽተኛ ጠራችው። «ለእሱም መላ አለው፣ አያስቡ» ብሎ ትከሻቸውን ነካ አድርጎ ወጣ። አባቴ እስከ ሞላሌ ድረስ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ሄዱ። ሚኒባሱ አዙሯቸው መስሎኝ መስኮት ከፈትኩላቸው።

ቤት እንደገባን ወንድሜ «ምን አላችሁ?» አለኝ። እኔ መቼም አስተማሪ ነኝ፤ ነገር በአጭሩ መናገር አልችልበትም። ስለ ሴሮቶኒን ጀመርኩለት። «ሴሮ… ምን?» አለ። እንዲገባው ብዬ በሚያውቀው ነገር መጣሁበት። በማኅሌት ግራና ቀኝ ቆመው ዜማውን የሚቀባበሉትን አስብ አልኩት። ዜማው አንድ ነው፤ ቀኙ ሲቀበለው አሳምሮ ያሳርፈዋል፣ ግራው ሲቀበለው ያበላሸዋል። ሴሮቶኒንም እንደዚያ ነው፤ ወሳኙ ማን ተቀበለው ነው።

«ግራው ለምንድን ነው የሚያበላሸው?» አሉ አባቴ ከአልጋቸው። የተኙ መስሎኝ ነበር።

«መድኃኒቱ ሁልጊዜ ስላለበት ነዋ፣ አባባ። ሰውነት አጸፋውን ይመልሳል።»

«ማለት ጠግቦ ነው።»

«እንደዚያ ይበሉት» አልኩ፤ ደክሞኝ ነበር።

ከዚህች ከአንድ ቃል አንድ ሙሉ ሥርዓት አወጡባት።

ሁዳዴ ገባ። በየቅዳሜው ስመጣ አባቴ ከስተው፣ ጉንጫቸው ገብቶ፣ ዓይናቸው ሥር ጠቁሮ አገኛቸዋለሁ። መድኃኒታቸውን ግን በሰዓቱ ይጠጣሉ፤ በዓይኔ አያለሁ። ወንድሜ ይለካል፣ እሳቸው «መረረኝ» ይላሉ፣ ይውጣሉ። «ደህና ነዎት ወይ?» ስላቸው «ተመስገን» ነው መልሱ። እኔ ደግሞ መጠኑ ተጨምሮ፣ ክኒኗ ታክላ እንዴት እንዲህ ይሆናሉ ብዬ ብቻዬን አብሰለስላለሁ። ያ የሚያባብሰው ተቀባይ ነው ብዬ ደመደምኩ። መሐል ሜዳ ተመልሼ ያገኘሁትን ሁሉ አነብባለሁ፤ ቅዳሜ መጥቼ ለወንድሜ ሴሮቶኒን እንደገና አስተምረዋለሁ። እሱ መሬት መሬት እያየ «እህ… እህ…» ይለኛል። የማይገባው መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ እደግምለታለሁ። ጉድ እኮ ነው!

አንድ ረቡዕ ትምህርት ቤቱ በስብሰባ ምክንያት ለሁለት ቀን ተዘጋ። ሰበብ ካገኘሁ አይቀር ብዬ ሳልናገር በሚኒባስ ሄድኩ። የበልግ ጉም አገሩን ሸፍኖት ነበር። ረፋዱ ላይ ደረስኩ። ወንድሜ በረት በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ዛሬ ምን አመጣሽ፣ እታለም?»

«አባቴ ቤት ለመምጣት ማስፈቀድ ነበረብኝ?» አልኩና አልፌው ገባሁ።

አባቴ በጎናቸው ተኝተው የባናውን ጫፍ ነክሰው ይዘዋል። በዚያ የመንዝ ብርድ ግንባራቸው ላብ አውጥቷል። እግራቸው ሳያዙት ይንቀጠቀጣል። ሲያዩኝ ባናውን ከአፋቸው አወጡና «መጣሽ?» አሉ፤ ድምፃቸው አልወጣም።

«መድኃኒቱን!» ብዬ ጮኽኩ።

ወንድሜ በሩ ላይ ተገትሮ «ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም» አለ።

«የምን ዘጠኝ ሰዓት?»

«እየጾሙት ነው።»

«ምኑን?»

«መድኃኒቱን። ቅዳሜና እሑድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለማይጾም በሰዓቱ ይወስዳሉ። በሌላው ቀን ከሌሊት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይታቀባሉ። የማታዋንም ክኒን ትተዋታል። አትንገር ብለውኝ ነው።»

በስመ አብ! ደሜ ፈላ። ለካ እኔ የምመጣው እስከ ዘጠኝ ሰዓት በማይጾምባቸው ሁለት ቀናት ነው። በእነዚያ ሁለት ቀናት ሲጠጡ እያየሁ ነው ያን ሁሉ ሴሮቶኒን የተነተንኩት። ሲሪንጁን አንሥቼ ቀዳሁና ወደ አፋቸው አስጠጋሁ። እንደ ሕፃን ከንፈራቸውን ገጠሙ።

«አባባ፣ ምን ሆነዋል?»

«ሥጋ ሲጠግብ ያምፃል። አንቺው ነሽ ያልሽው።»

«እኔ መቼ ጾም አልኩ?»

«የጠገበ ሥጋ ምን ይደረጋል?»

«ይሄ እኮ የነርቭ ጉዳይ ነው!»

«ነርቭ ሥጋ አይደለም?»

«ሥጋ ነው፣ ግን…»

«እንግዲያ ይጾማል።»

«ሴሮቶኒን ጾም አያውቅም!» ብዬ ቤቱን በጩኸት አናጋሁት።

«አሁን ይማራላ» አሉኝ፤ ላቡ በቅንድባቸው ላይ እየወረደ።

ኧረ በእግዚአብሔር! ሰው እንዲህ እየተሠቃየ እንዴት ይሟገታል? ሲሪንጁን ለወንድሜ አስይዤው ወጣሁ። የዚያን ቀን ስልኩ የያዘልኝ ከቤቱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው፤ እየተሳደብኩ ወጣሁና ለሐኪሙ ደወልኩ። እሱም ይባስ ብሎ ልቤን አወለቀው። ሞርፊን ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ልማዱ መቀነሱ እውነት ነው አለኝ።

«ምን? ልክ ናቸው እያልከኝ ነው?»

«አይደሉም። በየቀኑ ለግማሽ ቀን መተው ለልማዱም አይረባ፤ ትርፉ ሥቃይ ነው። ደግሞ አሁን ሙሉውን መጠን በአንዴ እንዳትሰጧቸው፤ አደጋ አለው። ዝቅ አድርገን እንጀምርና ቀስ እያልን እንመልሰዋለን። የፈሩት ያልቃል ብለው ከሆነ ንገሪያቸው፤ እንደ ሕመማቸው ይጨመራል፣ ካስፈለገም በሌላ ይተካል። ለነገ ብለው የሚያስቀምጡት መድኃኒት አይደለም።»

ግማሽ እውነት ይዘው ነበር ለካ የሚሟገቱኝ! ይህንንማ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልነግራቸውም ብዬ ማልኩ። ወርጄ የቀረውን ሐኪሙ እንዳለው ነገርኳቸው። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሐኪሙ ዝቅ አድርጎ ያዘዘውን ያህል ሰጠናቸው። እስከዚያ ድረስ ያለውን ሰዓት አጠገባቸው ተቀምጬ ቆጠርኩት። እንደዚያ ያለ ሰዓት ለጠላቴም አልመኝም።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የአባቴ የንስሐ አባት በዕድሜ ከእኔ ያንሳሉ፤ አባቴ ቅኔ ያስተማሯቸው፣ ዛሬም «የኔታ» እያሉ የሚጠሯቸው ወጣት ቄስ ናቸው። የቀድሞው የንስሐ አባታቸው ሲሞቱ አባቴ ራሳቸው ናቸው እኚህን የመረጡት። ሊያሸንፏቸው የሚችሉትን ሰው መረጡ እያልን በቤታችን እንቀልድ ነበር።

«መምሬ፣ አባቴን ከጾም ይልቀቁልኝ» አልኳቸው።

«ልጄ…» ሲሉኝ መጀመሪያውኑ ቱግ አልኩ፤ ታላቃቸው ነኝ። «…ልጄ፣ የታመመ ሰው አይጾምም ብያቸዋለሁ። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ነው ያልኳቸው።»

«ታዲያ ለምን ይጾማሉ?»

«እንደ ጾም ያድርጉት እንጂ ነገሩ ሌላ ነው።»

«ምንድን ነው?»

«እሱን ራሳቸውን ጠይቂ። እኔ የሰማሁት በንስሐ ነው።»

ወይ ጣጣ! አንዱ አይነግረኝ፣ አንዱ አይሰማኝ። «እንግዲያው አብረውኝ ይምጡና እርስዎ ባሉበት እጠይቃቸዋለሁ» አልኩ። መስቀላቸውን ይዘው ተከተሉኝ። ፈርተው እንደነበረ ያወቅኩት በኋላ ነው።

አባቴ ስንገባ ሁለታችንንም አዩና ነገሩ ገባቸው። መስቀሉን ተሳለሙ። ወንድሜ በርጩማ አቀረበ። እኔ ቆሜ «አባባ፣ የያዙትን ይንገሩኝ፤ እኔ ልጅዎ ነኝ» አልኩ።

ከዚያ ወደ ጣሪያው እያዩ ተናገሩ።

«ዲያቆን ሳለሁ የደብራችን አንድ ቄስ ታመሙ። የሚሞቱ ዕለት መጽሐፍ ይዤ ራስጌያቸው ቆሜያለሁ። ሕመሙ ጸናባቸውና ጮኹ። መጮኹስ ይሁን፤ በፈጣሪ ላይ የማይነገር ተናገሩ። እኚያ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ የቀደሱት ተረስቶ፣ ሰው እስከ ዛሬ የሚያነሣቸው በዚያች ቃላቸው ነው።» ትንፋሽ ወሰዱ። «መድኃኒቱ ይለመዳል አላችሁኝ። አሁን ለምጄ ከጨረስኩት ያን ቀን ምን ይይዘኛል? ኃይሉን ለዚያች ቀን ላቆይ ብዬ ነው። እንዳልጮኽ።»

ወንድሜ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። እኔ አቅፌያቸው ላልቅስ ወይስ ትከሻቸውን ይዤ ልነቅንቃቸው ጠፋብኝ። ያን ሁሉ ሳምንት አንጎልና ነርቭ ስተነትን፣ እሳቸው «ከዚያስ?» ላሉት ጥያቄ መልስ አጥተው ኖረዋል።

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺማ ትጮሂያለሽ» አሉ።

ሐኪሙ ያለኝን አንድ በአንድ ደገምኩላቸው። እንደሚጨመር፣ እንደሚቀየር፣ ሕመም በበረታ ቀን የሚበረታ መጠን እንዳለ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህማ ተስፋ ነው፤ ማስረጃ አይደለም» አሉ። አንጀቴ አረረ። በዚያ ሁኔታ ላይ ሆነው ማስረጃ!

ያን ጊዜ ወጣቱ ቄስ ከበርጩማው ተነሡ።

«የኔታ፣ ቀኖና ልሰጥዎ ነው።»

«ምን በድዬ?»

«የነገን ነገር ለፈጣሪ አልተዉም። ቀኖናዎ መድኃኒቱን በየአራት ሰዓቱ፣ ሳያሳልፉ፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው መጠጣት ነው። እስከ ዕለተ ሞትዎ።»

አባቴ በክርናቸው ቀና አሉ። ዓይናቸው በራ፤ ያ የቅኔ ቤት ዓይናቸው። «ቀኖና ስግደት ነው፣ ጾም ነው፣ ምጽዋት ነው። መድኃኒት መጠጣት ቀኖና የሚሆነው በየትኛው…»

«አልከራከርም» አሉ ቄሱ። ላብ አጥምቋቸዋል። «ከተከራከርኩ ይረቱኛል፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ግን የንስሐ ልጄ ነዎት። ሰጥቻለሁ።»

አባቴ ቀስ ብለው ተጋደሙ።

«የማታዋንም ክኒን?» አሉ።

«የማታዋንም።»

«በጎዶሎ ሰዓት ነው የመጣችሁብኝ» ብለው እጃቸውን ለወንድሜ ዘረጉ። ረፋድ ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት ሩቅ ነው። ወንድሜ ለካና ሰጣቸው። «መረረኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲያማ ጭንቅላታችንን አዞሩት። ሰው ቀኖና አገኘሁ ብሎ እንዲህ ይሆናል? ወንድሜ ትንሽ ከዘገየ «ቀኖናዬን ልታስፈርሰኝ ነው?» ብለው ይጣሩበታል። ልጁ ማሳ ውስጥ ሞፈር ይዞ ስልኩ ሲጮኽበት እርሻውን ጥሎ ይሮጣል። ለእኔም ይደውላሉ፤ ክፍል ውስጥ ስለ ሕዋስ እያስተማርኩ «ያ የግራው ተቀባይ ዛሬ ዝም ብሏል» ይሉኛል። «አባባ፣ እያስተማርኩ ነው!» እላለሁ። «እኔም እየነገርኩሽ ነው» ይሉና ይዘጋሉ። ሐኪሙ መጠኑን ቀስ እያደረገ ጨመረ። ክኒኗ እንቅልፍ ሰጠቻቸው። ፋሲካን ተቀምጠው አሳለፉ። ወንድሜን ስለ በጎቹ እንደገና መሳደብ ጀመሩ።

ሐምሌ ላይ ሞቱ። ትምህርት ቤት ለክረምት ተዘግቶ አብሬያቸው ነበርኩ። ጉም ያለበት ረፋድ ነው። ወንድሜ በጎቹን አውጥቶ ተመለሰ፣ እጁን ታጠበ፣ ለካ። «መረረኝ» አሉ እንደ ሁልጊዜው። ባናውን እስከ አንገታቸው ሳብኩላቸው። ተኙ። ትንፋሻቸው ረዘመ፣ ከዚያ አጠረ፣ ከዚያ ቆመ። ያ ሁሉ የተፈራ ቀን ይኸው ነበር። አልጮኹም። የዘወትሩ መጠን በቅቷቸዋል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ገና ብዙ ተርፎ ነበር።

ለቀስተኛው ሞላ። ወጣቱ ቄስ መጥተው ራስጌያቸው ቆሙ። ሴቶቹ «እንዴት ያለ የጻድቅ አሟሟት ነው!» እያሉ ይነጋገራሉ። ጠርሙሱ መደርደሪያው ላይ ቆሞ ያየኛል። ለዚህች ለጸጥተኛ ረፋድ ብለው ነው ያን ሁሉ ረፋድ ባና ነክሰው ያሳለፉት። ያን ጊዜ ጮኽኩ። ድምፄ እስኪዘጋ ጮኽኩ። አባቴ እንዳሉት፣ በዚያ ቤት የጮኽኩት እኔ ነኝ። ሴቶቹ የአባት ሞት ነው ብለው ግራና ቀኝ ይዘው አጽናኑኝ። እኔ የምጮኸው ለሞታቸው አልነበረም፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ላሉት፣ እኔ ለማልመጣባቸው ቀናት ነበር።